ከሰንበሌጥ ሜዳ አጥር ወዲያ

ጥቅምት 24 ቀን 2018፣ ሰኞ

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ሃያ ሦስት የኮንክሪት መኪና ወደ ሰንበሌጥ ሜዳ አለፈ። ትናንት እሑድ ስለነበር ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ አለፈ። እሑድም ይሠራሉ ማለት ነው። የቆጠርኩት በረንዳዬ ላይ ጋቢ ለብሼ ተቀምጬ ነው፤ ማንንም አልጠየቅሁም።

ጥድ አምባ በሙሉ ስለ አጥሩ ያወራል፤ የሚለካ ግን የለም። የአየር ኃይል ካምፕ መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ ወታደር ከገባበት ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የማይታወቀው ዘንድሮ የተጀመረው አዲሱ ግንባታ ነው። ዛሬ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አንዱ ሆስፒታል ነው አለ፣ አንዱ የአበባ እርሻ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ወርቅ ተገኝቶ ነው አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ ከቤቴ ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ ስላለ ነገር እንደ ሴትዮዋ በግምት ባወራ ያሳፍረኛል።

የእኅቴ ልጅ የሺጥላ እዚያ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሲመለስ እጠይቀዋለሁ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

መድኃኔ ዓለም ነው፤ ሳልሳለም ዋልኩ፤ መኪና ስቆጥር።

ማታ የሺጥላን ጠራሁት። ከጓሮ ባለው ክፍል ከሚስቱ ጋር ያስቀመጥኩት እኅቴ ስታርፍ «ልጄን አደራ» ስላለችኝ ነው። አሥረኛ ክፍል በእኔ ትምህርት 48 አግኝቶ ወደቀ። ሁለት ነጥብ ብጨምርለት ዛሬ አሸዋ አይሸከምም ነበር፤ ይህን እናቱ እስክትሞት ነግራኛለች። ግን 48 ነበር ያገኘው።

«እዚያ ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ አሸዋ ነው የምሸከመው፤ ምስጢር አልሸከምም» ብሎ ሳቀ።

«አሸዋውን የት ትደፋዋለህ?»

«ከንጣፉ ዳር።»

«የንጣፉ ርዝመት ስንት ነው?»

«ረጅም ነዋ! ጫፉ ላይ ያለው ሰው እንደ ቁራ ነው የሚታየው።»

ረጅም መልስ አይደለም። ጠይቄ ጠይቄ፣ ኮንክሪቱ በመስመር የተከፋፈለ መሆኑን፣ ከመስመር እስከ መስመር አምስት ሜትር እንደሆነ ከግንበኛው መስማቱን አወጣሁ። «ነገ እየቆጠርህ ሂድ፤ በልብህ» አልኩት። ሚስቱ ፋና በሩን ተደግፋ ትሰማ ነበር፤ ስድስት ወሯ ነው፤ ብዙ መቆም አትችልም።

«ጋሼ፣ ተዉት እባክዎ። ባለፈው አንዱን ብዙ ዞር ዞር አልህ ብለው ነው ያባረሩት።»

«ዞር ዞር አይልም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆጥረው» አልኳት። የሺጥላ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ኅዳር 4

548። ደግሞ እንዲቆጥር አደረግሁ፤ 548። በአምስት ሲባዛ 2,740 ሜትር። ወርዱ ዘጠኝ ንጣፍ፤ 45 ሜትር።

የአበባ እርሻ!

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ ሌሊት

ብርዱ ለከት የለውም፤ የታች ሰፈር ባቄላ ዛሬም በውርጭ ነድዶ አደረ። እንቅልፍ ስላልመጣልኝ ሥራውን በካሬ ወረቀት አሰፈርኩት።

ጠዋት ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ላይ በድሮው የትምህርት ቤት ኮምፓስ አቅጣጫውን ወስጃለሁ፤ ሰማንያ አምስት ዲግሪ፣ ምሥራቅ ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። የበጋው ነፋስ ከዚያ ስለሚመጣ ትክክል ነው። በስተ ሰሜን ጣሪያቸው ላይ አፈር የተከመረባቸው ሦስት ቤቶች አሉ። የሺጥላ የአንዱን በር በእርምጃ ለክቶልኛል፤ አሥራ ስምንት። የእሱ እርምጃ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ በግቢያችን ለክቼዋለሁ። ስለዚህ በሩ አሥራ ሦስት ሜትር ተኩል ነው። ለከባድ መኪና ይሰፋል፤ ሰው ለሚጭን አውሮፕላን ይጠባል። ሰው የማይሳፈርበት ነገር ሊያድርበት ነው። ለዚያ ብቻ ደግሞ 2,740 ሜትር መንደርደሪያ ይበዛል። ሁለት ዓይነት እንግዳ ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ሊነጋ ሲል ለሥራ ሲነሣ ወረቀቱን ሳሳየው የሺጥላ ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ያቃጥሉት። ትናንት ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው አንድ በአንድ ሲያዩን ዋሉ።»

ስም የሌለበት ወረቀት ማንንም አይጎዳም አልኩት። ሲወጣ ግን ከጥጉ ላይ በትንሹ «ምንጭ፦ የ.» ብዬ ጻፍኩ። ምንጭ የሌለው ቁጥር ወሬ ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬአለሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

የሚካኤል ማኅበራችን በመሪጌታ ወልደአረጋይ ቤት ነበር። ዓርብ ስለሆነ ዝክሩ የጾም ነው፤ ዳቦ፣ ጠላ፣ የገብስ ቆሎ። አሥራ አራት ሰው።

ወሬው እንደተለመደው ሰንበሌጥ ሜዳ ደረሰ። መሪጌታ የሕዝብ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ ከእንግዲህ አዲስ አበባ በሩብ ሰዓት እንገባለን አለ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ዝም ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«መምህራችን ምነው ዝም አለ? ጡረታ የወጣ መምህር ጠመኔ አይጠፋበትም፤ የጠፋበት የሚጽፍበት ሰሌዳ ነው» አለ። ሳቁብኝ።

የቆሎውን ሳህን ወደ እኔ ሳብሁ። በጠረጴዛው ላይ መንደርደሪያውን በቆሎ ዘረጋሁ፤ በስተ ሰሜን ሦስት ክምር አደረግሁ። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ አቅጣጫውን፣ በሩን ነገርኳቸው። የሚጠጣ ሰው አልነበረም።

«ይህን ማን ነገረህ? ነፋስ?» አለ መሪጌታ።

«የቆጠረ ሰው ነው። በየቀኑ እግሩ የሚረግጠው ሰው።»

ስም አልጠራሁም። ይህ ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ ስም አልጠራሁም።

መሪጌታ የመንደርደሪያውን ምሥራቅ ጫፍ በጣቱ አፍሶ ቃመው። «ይኸው፣ አሁን አጠረ» አለ። ማንም አልሳቀም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

መሪጌታ ገና በጠዋቱ መጣ። አልቀመጥም አለ።

«ገብረአማኑኤል፣ ተነሥና አሥራ ሁለቱንም ቤት አንኳኳ። ቀልድ ነበር፣ ጠላው ነው ያናገረኝ በል። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ትክክለኛ ቁጥር ቀልድ ነበር ልበል?»

«አዎ።»

«እኔ በጠላ የምናገር ሰው አይደለሁም።»

«ያ ልጅ እኮ የእኅትህ ልጅ ነው» አለኝና ሄደ። ትናንት በሰው ፊት ስላፈረ ይመስለኛል።

ኅዳር 18

የሺጥላ አልመጣም። ሦስት ሰዓት ሆነ። ፋና በር ላይ ቆማለች። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

አራት ሰዓት ተኩል። አልመጣም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

በምሳ ሰዓት ነው የወሰዱት። አብሮት የሚሠራ ልጅ ለፋና ነገራት፤ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች በስሙ ጠሩት፣ እጁን ሊታጠብ ፈቀዱለት፣ መኪና ውስጥ አስገቡት። ፋና የካምፑ በር ድረስ በእግሯ ሄዳ ተመለሰች። «የምን የሺጥላ? እዚህ ሺህ ሰው ነው ያለው» አሏት።

ማን እንደተናገረ ማወቅ ከባድ አይደለም። ከአሥራ አራቱ እኔን ሲቀንሱ አሥራ ሦስት። ስድስቱ ሽማግሌዎች ከማኅበር በቀር ከቤት አይወጡም። መሪጌታን አልቀነስኩትም። ቀኑን ሙሉ ስለዚሁ አሰብሁ።

ፋና ማታ መጥታ «ጋሼ፣ የሆነ ቦታ ተናግረዋል እንዴ?» አለችኝ። «የማንንም ስም አልጠራሁም» አልኳት። ራስዋን ነቀነቀች፤ የገባት ይመስለኛል።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ኪዳነወልድ አስጠራኝ። ተማሪዬ ነበር፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ ይወጣ ነበር፤ አንደኛ ያልወጣው ካርታ ላይ ችኩል ስለሆነ ነው። አሁን ከገበያው በላይ ታፔላ የሌለው ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከወንበሩ ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመ፤ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ።

«መምህር፣ ያስተማሩን ሁሉ አልጠፋብንም» አለ።

ስለ የሺጥላ ልጠይቀው ስጀምር «እሱን ለመርዳት ነው የጠራሁዎት» ብሎ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። እስክሪብቶ የጨበጠው እጅ መንቀጥቀጡ ያስታውቃል። አንድ የተንጋደደ መስመር፣ ከጎኑ ሁለት ቤት። ሰሜን የቱ እንደሆነ የለም፤ ልኬት የለም። ከሥሩ «መንገድ ይመስለኛል» ይላል።

«ይህ የሰባተኛ ክፍል ሥራ እንኳ አይደለም» አልኩ።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?»

ቀይ እስክሪብቶ ጠየቅሁት። ሰጠኝ። መስመሩን አቀናሁ፤ ሰማንያ አምስት ዲግሪ። ሁለቱን ቤቶች ሦስት አደረግሁ። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ የበሩን ስፋት ጻፍኩ። የሰሜንን ቀስት አኖርኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ኪዳነወልድ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ሲያይ፣ ክፍል ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ።

«እንዴት እንዲህ እርግጠኛ ሆኑ?»

በሎጂክ ነው፣ ማንም ቢቆጥር ይደርስበታል አልኩት። ምስጢር አለመሆኑን እንዲያይ ነበር የፈለግሁት። የቆጠራውን ወረቀት ይዤ ስለነበር አሳየሁት፤ ከጥጉ ያለውን ጽሑፍ ጣቱን አድርጎ አነበበ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። «የሺጥላ የሚለው፣ መንገድ መስሎኝ ነበር፣ ቆጥሬም አላውቅ፣ ለማንም አልነገርኩም ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ይህን ብቻ ነው ያለው። ይህን ሥዕል የሣለልንም እሱ ነው።»

ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ፋይል ውስጥ ከተታቸው። በር ድረስ ሸኝቶኝ እየሳቀ «እውነቱን ልንገርዎት መምህር? እኛንም ወደ ውስጥ አያስገቡንም። ምን እንደሚሠራ ያወቅነው ዛሬ በእርስዎ ነው» አለ።

ኅዳር 25

ዝም ማለት ይቻል ነበር። መነጽሬን ረስቻለሁ ማለት ይቻል ነበር። አላውቅም ማለት፣ አንድ ቃል ነው።

ግን እሱ እያወቀ አሳስቶ መሣሉን በምን አውቃለሁ? 48 ያገኘ ልጅ ነው። ስህተቱን አምኜ ተቀበልኩት።

ለፋና የሄድኩበትን ነገርኳት። ያረምኩትን አልነገርኳትም፤ የሚጠቅማት ነገር አይደለም።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ፋና ስንቅ ይዛ ደብረ ብርሃን ሄዳ ሦስት ቦታ ጠይቃ መጣች። የትም የለም። አንደኛው በር ላይ ሳህኑን ተቀብለዋት ደስ ብሏት ስትጠብቅ፣ ከሰዓት በኋላ ባዶውን መለሱላት። ማን እንደበላው ስትጠይቅ ዘበኛው «ጣፋጭ ነበር፣ እጅሽ ይባረክ» አላት።

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታይ ነበር፤ አብጧል።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ኪዳነወልድ ቤቴ መጣ፤ እንደ ድሮ ተማሪነቱ ብርቱካን ይዞ። የሺጥላ ደኅና ነው አለኝ። የት እንዳለ አልነገረኝም፤ እኔም አልገፋሁትም።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፤ ስልኩ። ሲያዝ እጁ ላይ አልነበረም። ስልኩ ቢገኝና ምንም የሌለበት ቢሆን፣ ነገሩ ያልቃል። እርስዎ የማስረጃ ሰው ነዎት፤ ይገባዎታል።»

የት እንዳለ አላውቅም አልኩት፤ እውነት ነው። «ቢያውቁ ይነግሩኛል?» አለ። ንጹሕ ሰው ማስረጃ አይፈራም አልኩት። የፋናን ክፍል መስኮት ለአፍታ አየና ተሰናበተኝ።

መሪጌታ መንገድ ላይ አየኝና ወደ ሌላኛው ዳር ተሻገረ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ስልኩ ፋና ጋ ነው። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ የየሺጥላ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ስታይ አየኋት። ልትደብቀው ነበር፤ ከዚያ «ጋሼ፣ እርስዎማ ባዕድ አይደሉ» ብላ አስጠጋችኝ። የዚያን ጠዋት ባትሪው አልቆ ክፍላቸው ውስጥ ረስቶት ሄዶ ነው፤ እሷም ያገኘችው ኋላ ነው።

የሠርጋቸው ፎቶ አለበት፣ የበግ ፎቶ፣ የእኔም ተኝቼ የተነሣሁት አለበት። አንድ ቪዲዮ ደግሞ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ አምስት ልጆች ሲጨፍሩ፣ የሺጥላ ባልዲ ሲደልቅ። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። ከኋላቸው ኮንክሪት ይታያል፤ በግራ በኩል አፈር ከተከመረባቸው ጣሪያዎች አንዱ። ሲስቅ ድምፁ ይሰማል።

«ይህን ብቻ ነው የማየው። በየቀኑ» አለች።

ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አስገብቷል ማለት ነው።

ታኅሣሥ 15

ጭፈራ ነው። ማንም ቢያየው ጭፈራ መሆኑን ያያል። ስለላ ባልዲ እየተደለቀ አይሠራም።

ሌሊቱን ሙሉ ሁለቱን ጎን መዘንኩ። ስልኩ ተደብቆ ከቆየ ጥርጣሬው እንዳለ ይቆያል። ከታየ ይወድቃል። የማይታይ ነገር አይመረመርም፤ ያልተመረመረ ነገር ደግሞ ነጻ አይወጣም። ፋናን ባስረዳት አትሰጥም፤ ስልኩን ሳይሆን ድምፁን ነው የያዘችው።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ፋና ሰኞ ጠዋት ደነባ እናቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። ስምንት ወሯ ገብቷል። «እዚህ ልወልድ አልችልም ጋሼ። ሌሊት የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከአልጋ እነሣለሁ።» በመጀመሪያው ሚኒባስ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ደነባ። ስልኩንም ይዛ ነው።

ደነባ ከገባች እዚህ ያሉት ሊያዩት አይችሉም። የሺጥላ በዚያ ምክንያት እንደታሰረ ይቆያል።

ከሰዓት በኋላ ቢሮው ሄጄ ለኪዳነወልድ ነገርኩት። የነገርኩት ይህ ነው፦ ስልኩ እንዳለ፣ ጭፈራ ብቻ እንደሆነ፣ ሰኞ በመጀመሪያው መኪና እንደምትሄድ። በትሕትና፣ ነፍሰ ጡር መሆኗን አስበው እንዲያዩና እንዲመልሱላት ለመንኩት። «መምህር፣ ለእኔ ይተዉት» አለ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ቦርሳዋን መናኸሪያ ድረስ ተሸከምኩላት። ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ ሆዷ አልፈቀደላትም፤ ትከሻዬን ሳመች። «እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር» አለች። ከኋላ ወንበር በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። መኪናው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40 ተነሣ። የታርጋ ቁጥሩን በልማድ መዘገብኩ።

ታኅሣሥ 21

የሚኒባሱን ረዳት አገኘሁት። ኬላው ላይ ወረቀት የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው ወደ ኋላ ወንበር ቀጥ ብለው ሄዱ። ማንንም አልጠየቁም፤ ሌላ ሰው አልፈተሹም።

«ስልኳን ስትሰጣቸው አየሁ» አለ። «እኛም አበቃ ብለን ነበር። ከዚያ ውረጂ አሏት። ሾፌራችን አሥር ደቂቃ ጠበቀ። ኋላ ሂድ አሉት።»

ስልኩን ሰጥታለች እኮ። ስልኩን ሰጥታለች።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ቢሮው ሄድኩ። ኪዳነወልድ ስብሰባ ነው አሉ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል።

በመጨረሻ ዘበኛው ወንበሬን ከሥሬ እየሳበ «አባት፣ እርስዎ ከእንግዲህ አይምጡ ተብሏል። የሚፈልጉዎበት ጉዳይ ካለ ራሳቸው ይመጣሉ» አለኝ።

ታኅሣሥ 26

በሰንበሌጥ ሜዳ ላይ ዛሬ የመጀመሪያው አረፈ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ እንደ ስፌት መኪና። ሰው ሁሉ ከቤት ወጥቶ አየ። ሰው የማይሳፈርበት ነው፤ ከምሥራቅ ነው የገባው፤ ሁሉም እንዳልኩት። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የነበሩት እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን አቆሙ። አንድም ሰው ልክ ነበርህ አላለኝም።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ ማታ

ለገና ዋዜማ ልወጣ ስል ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር። የፋና እናት፣ ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ ከደነባ።

«መምህር ገብረአማኑኤል ነዎት? ልጄ ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ትናገራለች፤ እንደ አባት ነው የያዙን ትለኛለች። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በበዓል አስቸገርኩዎት። ሰኞ እመጣለሁ ብላ ነበር፤ ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ። አልጋዋን አንጥፌ ነው የተቀመጥኩት። ተነሥታለች ወይ?»

«ተነሥታለች» አልኩ። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40።»

«እርስዎ ሸኟት?»

«ቦርሳዋንም የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ። ታዲያ የት ገባች? ኬላ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ወረደች የሚል ሰው አለ። እኔ ማንን እጠይቃለሁ መምህር፣ ማንበብ እንኳ አልችልም። እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ትልልቁ ሰው ሁሉ ተማሪዎ ነው። መሄጃዋን ለሰው አልነገረችም ነበር፤ በማን በኩል እንዳወቁባት፣ ማን አሳልፎ እንደሰጣት ቢጠይቁልኝ?»

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወል ነበር። እስኪያበቃ ጠበቅሁ።

«አጣራለሁ» አልኳት።